ማኪያቶውን ማን ይግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ማታ ከሥራ የሚመልሰን የሰርቪስ ሹፌር ሰሞኑን አንድ የውጭ ዜማ ደጋግሞ ይከፍታል። አንድ ወንድ ብቻውን እየጎተተ ያዜማል፤ ከበሮ የለው፣ ጊታር የለው። ስልኩ ላይ ቤርናርት ደ ቬንታዶርን የሚል ስም አየሁ። ሹፌሩ "የድሮ የፈረንሳይ የፍቅር ዘፈን ነው" አለን። ጓደኛዬ ግን "ኧረ ተወው፣ ይሄማ የካቶሊክ ቅዳሴ ነው" ብላ ድርቅ አለች። እኔ ከሹፌሩ ጋር ሆኜ በማኪያቶ ተወራረድን። ማን በላ? የፍቅር ከሆነስ ምነው እንዲህ ያስለቅሳል?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ በልተሻል። ግን ማኪያቶውን ከመጠጣትሽ በፊት ስሚኝማ፤ ጓደኛሽም ዝም ብላ አልቀባጠረችም።

ቤርናርት የ12ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው። እንደሱ ያሉትን ትሩባዱር ይሏቸዋል፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው የሚያወጡ የደቡብ ፈረንሳይ ሰዎች ናቸው። የሚዘፍኑት በኦክሲታን ቋንቋ ስለነበር ፈረንሳይኛ የሚችል ዘመድ ብትጠሪም ብዙ አይተረጉምልሽም። ሥራው የደረሰን የመጀመሪያው ትሩባዱር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1071 የተወለደው የአኪቴን መስፍን ጊዮም ነው። አዎ፣ መስፍን!

ለቅሶው ለምንድነው? ሴትዮዋ አትገኝማ። ብዙ ጊዜ የምትወደሰው ከዘፋኙ በላይ የሆነች ባለባል እመቤት ናት። ስሟ አይነሳም፤ እሱ ባወጣላት የምስጢር ስም ነው የሚጠራት። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ አዲስ አይደለም። ሎሌ ለጌታው እንደሚሆነው ይሆንላታል፣ እሷ ፊት ትነሳዋለች፣ እሱ ይዘፍናል።

በጣም የታወቀው የቤርናርት ዘፈን በአንዲት ወፍ ነው የሚጀምረው። ወፊቱ በፀሐይ ጨረር ውስጥ ክንፏን እያማታች ወደ ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ ልቧ ውስጥ የገባው ጣፋጭ ነገር ራሷን ያስረሳትና ቁልቁል ትወድቃለች። እሱ ታች ቆሞ ይቀናባታል። ልቤ በምኞት አለመቅለጡ ይገርመኛል ይላል። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጦ ዘፈኑንም ትቶ ሊሄድ ይነሳል። እኔማ ወድቃ የሚቀናባት ወፍ ከዚህች ሌላ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ጓደኛሽ። እነዚህ ዜማዎች ብራና ላይ ሲሰፍሩ ቤተ ክርስቲያን በምትጠቀምበት ዓይነት አራት ማዕዘን ምልክት ነበር የተጻፉት። ምልክቱ ድምፁ የት ከፍ የት ዝቅ እንደሚል ይናገራል፤ ምን ያህል እንደሚጎተት ግን አይናገርም። ስለዚህ ምቱን የሚመርጠው የዛሬው ዘፋኝ ነው፤ አንዱ በከበሮ ያስጨፍርሻል፣ ሌላው እናንተ ሰርቪስ ውስጥ እንዳለው እየጎተተ ቅዳሴ ያስመስለዋል።

ይባስ ብሎ የዚያችኑ የወፍ ዘፈን ዜማ ቤተ ክህነትም ወስዶታል። እ.ኤ.አ. በ1236 የሞተው የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል ቻንስለር ፊሊጶስ፣ ልብና ዐይን ኃጢአቱ ያንተ ነው ያንተ ነው ተባብለው የሚካሰሱበትን የላቲን ግጥም በዚሁ ዜማ አስኪዶታል። "የዘፈን ዜማ ለመዝሙር" እየተባለ በሰፈራችን የሚነሳው ጭቅጭቅ ስንት ዘመኑ እንደሆነ እዪልኝ።

ለማንኛውም ስልኩ ላይ ያየሽው ስም የቤርናርት ስለሆነ ማኪያቶውን እሷ ትግዛ። ኬኩን ግን አንቺ ጨምሪላት።