አምስቱን ድምፅ ለይቶ መስማት፦ የሹበርትን አዳጆ በዓይነ ኅሊና ለማየት ለምትፈልጉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

የሮማንቲክ ዘመን (የ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ) ቻምበር ሙዚቃ፣ ማለትም ለጥቂት ተጫዋቾች የተጻፈ ሙዚቃ፣ መስማት የጀመረ ወጣት ሁሉ ከሚጠይቀው ጥያቄ አንዱ «እየሰማሁ ምን ልሣል?» የሚል ነው። ዝናብ፣ መለያየት፣ ጨለማ ጫካ፣ የሆነ ፊልም ላይ የታየ ትዕይንት ወደ አእምሮ ይመጣል። ችግሩ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሐሳባችሁ የራሱን ታሪክ ይዞ ይሄዳል፤ ሙዚቃው ከኋላ የሚሰማ ማጀቢያ ሆኖ ይቀራል። እኔ የምመክራችሁ መጀመሪያ ተጫዋቾቹን እንድታዩ ነው። ማን ያዜማል? ማን ይጠብቃል? ማን ዝም አለ? ልብ የሚነካው ነገር የተሠራው ከዚህ ነው።

ለዚህ የሚሆን ምርጥ መማሪያ የኦስትሪያው የሙዚቃ ደራሲ የፍራንዝ ሹበርት ስትሪንግ ኩዊንቴት (ለአምስት ባለክር መሣሪያዎች የተጻፈ ሥራ) በሲ ሜጀር፣ በተለይም ሁለተኛው ክፍል፣ አዳጆው (ዝግ ያለው ክፍል) ነው። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1828 ቪየና ውስጥ ነው። ሞዛርት ለአምስት ባለክር መሣሪያዎች ሲጽፍ ቪዮላውን ሁለት አድርጎ ነበር፤ ሹበርት ግን ሁለት ያደረገው ቼሎውን ነው። በዚህም ሁለተኛው ቼሎ የታችኛውን ድምፅ ሲይዝ የመጀመሪያው ቼሎ ነጻ ወጥቶ ከመሃለኞቹ ጋር ማዜም ይችላል። አዳጆው የቆመው በዚህ ነጻነት ላይ ነው።

ሲጀምር ኢ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ላይ ነው፤ ምቱ 12/8፣ ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ። ሁለተኛው ቫዮሊን፣ ቪዮላውና የመጀመሪያው ቼሎ ረጃጅም ኖታዎችን ይዘው የሚራመዱ እስከማይመስሉ ድረስ በዝግታ ይሄዳሉ። ከላይ የመጀመሪያው ቫዮሊን አጫጭር፣ የተቆራረጡ ሐረጎችን ጣል ያደርጋል፤ አንድ ነገር ሊናገር ጀምሮ የሚተው ሰው ይመስላል። ከታች ሁለተኛው ቼሎ ደጋኑን ትቶ ክሩን በጣቱ ይመታል፤ ፒዚካቶ የሚባለው ይህ ነው።

አብዛኛው ጀማሪ የሚስተው እዚህ ነው። ጆሮው ከላይ ያለውን ቫዮሊን ይይዝና «ዜማው የታለ?» ይላል። በአገራችን ሙዚቃ ላደገ ጆሮ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አዝማሪው የሚያዜመውና ማሲንቆው የሚከተለው በመሠረቱ አንድ ዜማ ስለሆነ ጆሯችን አንዱን መስመር ይዞ መሄድ ለምዷል። አዳጆው ውስጥ ግን ዋናው ዜማ ያለው መሃል ላይ፣ እጅግ በዝግታ በሚንቀሳቀሱት ሦስት መሣሪያዎች ዘንድ ነው። ቫዮሊኑ ለእነሱ ነው የሚመልሰው። ይህን አንዴ ከሰማችሁ ሙዚቃው ሌላ ሆኖ ይታያችኋል።

አሁን ወረቀት አውጡ። አንድ ኤ4 ወረቀት አግድም አድርጋችሁ አምስት መስመር አስምሩና ከላይ ወደ ታች ቫዮሊን 1፣ ቫዮሊን 2፣ ቪዮላ፣ ቼሎ 1፣ ቼሎ 2 ብላችሁ ጻፉ። ከላይ በየ30 ሰከንዱ ምልክት አድርጉ። ሙሉውን ክፍል አትውሰዱ፤ የመጀመሪያው ኢ ሜጀር ብቻ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል፤ ለአንድ ቀን ይበቃችኋል። በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛውን ቼሎ ብቻ ተከተሉ፤ ክሩ በተመታ ቁጥር ነጥብ አድርጉ። በሁለተኛው ዙር መሃለኞቹን ሦስት በረጅም መስመር ሣሉ፤ ድምፁ ከፍ ሲል መስመሩን አወፍሩት፣ ሲቀንስ አቅጥኑት። ቫዮሊን 1ን ለመጨረሻ አቆዩት። መጀመሪያ ከእሱ ከጀመራችሁ ጆሯችሁ አይለቀውም፣ ሌላው ሁሉ ይጠፋባችኋል።

ነጥቦቹ አልሰማ ካሏችሁ ጥፋቱ የጆሯችሁ ላይሆን ይችላል። የቼሎ የመጨረሻው ዝቅተኛ ድምፅ 65 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ እዚያ ድረስ አይወርድም። በስልክ ማጉያ የሰማ ሰው ከአምስቱ አንዱን ሳይሰማ ቀረ ማለት ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። የድምፁን መጠን ግን በመጀመሪያው ጸጥታ ላይ አታስተካክሉ፤ ወደ መሃል ሄዳችሁ ኃይለኛው ቦታ ላይ ለጆሮ እንዲመች አድርጋችሁ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1952 ፓብሎ ካዛልስ፣ ፖል ቶርትሊዬ፣ አይዛክ ስተርን፣ አሌክሳንደር ሽናይደርና ሚልተን ካቲምስ ይህን ኩዊንቴት የቀረጹበት ቅጂ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ሞኖ (ግራና ቀኙ ያልተለየ ድምፅ) ስለሆነ ማን በስተግራ ማን በስተቀኝ እንደተቀመጠ አይለይም። ለሥዕሉ አዲስ ስቴሪዮ ቅጂ ያዙ፤ የ1952ቱን ሥዕሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ስሙት።

ኃይለኛው ቦታ ያልኩት መካከለኛውን ክፍል ነው። ሙዚቃው ከኢ ሜጀር በግማሽ እርምጃ ብቻ ከፍ ብሎ ድንገት ኤፍ ማይነር ወደሚባለው ቅኝት ይገባል። ለጆሮ ግን እጅግ ሩቅ አገር ነው። የመጀመሪያው ቫዮሊንና የመጀመሪያው ቼሎ በኦክታቭ ርቀት (አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ያንኑ ኖታ ይዘው) አንድ ዜማ ይጮኻሉ፤ ሁለተኛው ቫዮሊንና ቪዮላው ከምቱ ውጪ እየገቡ ይገፏቸዋል፣ ታች ያለው ቼሎም እረፍት አያገኝም። ወረቀታችሁ ላይ ይህን ስትሥሉ ቅድም መሃል ቁጭ ብለው ያዜሙ የነበሩት ተበታትነው ታያላችሁ። ኢ ሜጀር ሲመለስ መሃለኞቹ የቀድሞ ዜማቸውን ይይዛሉ፤ የላይኛው ቫዮሊንና የታችኛው ቼሎ ግን በሩጫ ኖታዎች ይከቧቸዋል። ሰላሙ ተመልሷል፣ ዳሩ ግን እንደ በፊቱ አይደለም። ሊያበቃ ሲል ኤፍ ማይነር ለአፍታ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ያችን ቦታ በቀይ አክብቧት።

ስለ ሞት የሚነገረውን ግን ተጠንቀቁ። ሹበርት ኅዳር 19 ቀን 1828 እ.ኤ.አ. በ31 ዓመቱ ስላረፈ ብዙ ጽሑፍ ይህን ሥራ የስንብት ቃል ያደርገዋል። እሱ ራሱ ግን ጥቅምት 2 ቀን ላይፕዚግ ላለ አሳታሚ በጻፈው ደብዳቤ ኩዊንቴቱ በቅርብ ቀናት እንደሚሞከር ነበር የነገረው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ደብዳቤ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ሌላው እውነት ነው፤ ሥራው ለሕዝብ የተሰማው በ1850፣ የታተመው በ1853 ነው። መሞቱን እያሰባችሁ ብትሰሙ አዳጆው ሁሉ አንድ ዓይነት ሐዘን ይሆንባችኋል፤ ኢ ሜጀሩ ውስጥ ያለው ደስታ ያመልጣችኋል።

መሣሪያ ለምትጫወቱ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሆነ ሌላ ቦታ ለምትማሩ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። መሃለኛውን ድምፅ ስትይዙ ደጋናችሁ ከኖታው በፊት ያልቅና መጨረሻ ላይ ትጫኑታላችሁ፤ ያ ጫና ዜማውን ይቆርጠዋል። የኖታው ግማሽ ላይ ስትደርሱ የደጋኑ ግማሽ በእጃችሁ መኖሩን እያያችሁ ተለማመዱ። ሁለተኛው፣ ሦስቱም ልክ ሆነው ኮርዱ ሻካራ ከሆነ ጂ ሻርፑን የያዘውን ስሙት። ቲዩነሩ ልክ ነው የሚለው ጂ ሻርፕ ንጹሕ ከሆነው ሜጀር ሦስተኛ 14 ሴንት ያህል (ሴንት የግማሽ እርምጃ መቶኛ ነው) ይበልጣል፤ ትንሽ ዝቅ ሲያደርገው ኮርዱ ይረጋል። ከታች ጀምራችሁ፣ ከሁለተኛው ቼሎ ተነሥታችሁ ቃኙ።

ታሪክ እያሰቡ መስማት ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ቤድርዢህ ስሜታና በ1874 ጆሮው መስማት ሙሉ በሙሉ ተስኖት በ1876 ለጻፈው የመጀመሪያ ኳርቴቱ (ለአራት ባለክር መሣሪያዎች የተጻፈ ሥራ) «ከሕይወቴ» የሚል ስም የሰጠው ራሱ ነው። በመጨረሻው ክፍል ድንገት የሚሰማው ቀጭን፣ ረጅም የቫዮሊን ኢ በጆሮው ውስጥ የነበረው ጩኸት ነው። እዚያ ሥዕሉን ደራሲው ሰጥቷችኋልና ተቀበሉት።

ሹበርትን ከጨረሳችሁ ወደ ጀርመናዊው ደራሲ ብራምስ ክላሪኔት ኩዊንቴት (ለአንድ ክላሪኔትና ለአራት ባለክር መሣሪያዎች፣ 1891) እለፉ። እዚህም መስመሩ አምስት ነው፤ የክላሪኔቱን ግን ከላይ አታስሩት፣ አንዴ ከቫዮሊኖቹ በላይ ይወጣል፣ አንዴ ደግሞ መካከላቸው ገብቶ ይሟሟል። በሌላ ቀለም ሣሉትና ሲወርድና ሲወጣ ተከተሉት።