የሸክላ ሠሪ ቤት ሲኬድ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ሸክላ ናቸው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ሰው ቤቱን ያጸዳል፣ ለእንቁጣጣሽ ዕቃ ይለውጣል፣ ጀበናው የተሰበረበትም ያኔ ትዝ ይለዋል። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ረዘም አድርጋ ጽፋለች። እኔም ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ቻሉኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። እህቴ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ትኖራለች። እዚያ ሴንት ክሮይ በሚባል የወንዝ ሸለቆ በየዓመቱ በጸደይ፣ የእናቶች ቀን በሚከበርበት ሰሞን፣ ሸክላ ሠሪዎች የሥራ ቤታቸውን ለሕዝብ ይከፍታሉ። ሰው ከአንዱ ስቱዲዮ ወደ ሌላው በመኪና እየዞረ ያያል፣ ከሠሪው ጋር ያወራል፣ የወደደውን ይገዛል። ፎቶውን ስትልክልኝ ቀናሁ። አሁን ክረምት ሲወጣ ልትመጣ ነው። እኔም እዚሁ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ዙር ላዘጋጅላት አሰብኩ። ከጓደኞቿ ጋር አሥር ሰው እንሆናለን። የሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ቀጨኔ ሄዶ በር ማንኳኳት ይቻላል? መቼ ብንሄድ ይሻላል? ምንስ ማወቅ አለብን?

መልስ፦ ከአሥሩ ሰው እንጀምር። አሥር ሰው አይሆንም።

እህትሽ ያየችው ስቱዲዮ ለእንግዳ ተብሎ የተሰናዳ ነው፤ ቀኑም ቀድሞ ይታወቃል። ቀጨኔ የምታንኳኪው ግን የሰው ቤት በር ነው። አምና ጥቅምት ላይ የገባሁበት ቤት አንድ ክፍል ነበር። በስተግራ ምድጃ፣ በስተቀኝ አልጋ፤ አልጋው ሥር ደግሞ ገና እሳት ያልነካቸው ጀበናዎች ልጅ እንዳይረግጣቸው አንገታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተደርድረዋል። እኔና አንዲት ጓደኛዬ ስንገባ የቤቱ ትልቅ ልጅ ቦታ ሊለቅልን ወደ ውጭ ወጣ። አሥር ብንሆን ኖሮ ባለቤቲቱም መውጣት ነበረባት። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ሂዱ። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ በማኅበር የተደራጁ ሴቶች የሚሠሩበትና የሚሸጡበት ግቢ እዚያው ቀጨኔ አለ፤ እሱ ይሻላችኋል።

ጊዜውን በተመለከተ ዕድለኞች ናችሁ። የእነሱ ጸደይ የእኛ ግንቦት ነው፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል። እኛ ጸደይ የምንለው ደግሞ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ለሸክላ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ጭቃው ውኃ እንደቋጠረ እሳት ውስጥ ከገባ ውኃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ያጣል፤ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል፣ ሲብስም ያፈነዳዋል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የቤቱ ግድግዳ ራሱ እርጥብ ስለሆነ በፀሐይ ቶሎ የሚደርቀው ጀበና አልደርቅ ብሎ ቤቱን ሞልቶ ይቀመጣል። እንጨቱም ይረጥባል። የሚቃጠለው ደጅ ላይ ነውና አንድ ድንገተኛ ዝናብ የስንት ቀን ልፋት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መስቀል ይለፍ፤ ከዚያ ሂዱ።

ቀን ስትመርጪ ግን ካላንደር እዪ። እኔ አንድ ጊዜ ከውጭ የመጡ ዘመዶቼን ይዤ የወጣሁት በጥቅምት 27 ነበር። መድኃኔ ዓለም! ያውም ዓመታዊው፣ ያውም በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ሰፈር። ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጭቃ የነካ አንድም እጅ አላየሁም። ዘመዶቼ በዓሉን አይተው ደስ አላቸው። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ስለ ሸክላ ሳወራላቸው ነበር የመጣሁት። በየወሩ 27ን፣ እሑድንና የታወቁትን በዓላት ዝለሉ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው።

መንገዱ ከቤትሽ ሩቅ አይደለም። እኔ ብሆን በቀጥታ ቀጨኔ አልሄድም። መጀመሪያ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም እገባለሁ። ሰው ሁሉ ሉሲን አይቶ ይወጣል፤ እናንተ ግን የአክሱም ዘመን ሸክላዎች ጋ ትንሽ ቁሙ። ከዚያ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ያለውን ሙዚየም እዩ። ከዚያ ሽቅብ ወደ ቀጨኔ። ጠዋት በመስታወት ውስጥ ያያችሁት ማሰሮ ዘመዱ ከቀትር በፊት መሬት ላይ፣ ገና እርጥብ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሰፈሩ ስትደርሱ ሸክላ ሠሪዎቹ ወዴት ናቸው ብላችሁ ጠይቁ። አንድ የሰፈር ልጅ ያደርሳችኋል፤ የሻይ ስጡት።

ምን ታያላችሁ? እህትሽ የለመደችውን በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መሣሪያ አትጠብቂ። ወይ ሴትየዋ ዕቃውን በእጇ ታዞራለች፣ ወይ ራሷ ዕቃውን ትዞረዋለች። አፈሩ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ ከውኃ ጋር ይታሻል። የተፈጨ ገልም ይጨመርበታል፤ ገል ማለት የአሮጌ ሸክላ ስባሪ ነው። ይህን ስሰማ ደስ ነው ያለኝ። አያቴ የሰበረችው ድስት አሁን በማን ቤት ድስት ውስጥ ይሆን አልኩ። ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ገሉ አንዴ በእሳት ያለፈ ስለሆነ ጭቃው ሲደርቅና ሲግል ከልክ በላይ እንዳይኮማተር ይይዘዋል። የሸክላ ድስት ከሰል ላይ ተጥዶ የሚችለውም በዚሁ ነው። ውዱን የውጭ ሰሃን እሳት ላይ አስቀምጪውና እዪው እስቲ!

እኔ የደረስኩት ጀበና ስትሠራ ነው። ሆዱ ቀድሞ ተሠርቶ ጠንከር ብሏል። አንገቱን ለብቻ ሠራች፤ የሚገጥሙበትን ቦታ በስንጥር ጫር ጫር አደረገችው፤ ቀጠን ያለ ጭቃ ቀባችና አጋጠመቻቸው። ከዚያ ከቢጫ ጀሪካን የተቆረጠች ፕላስቲክ ውኃ አስነክታ ዙሪያውን ላገችው። መጋጠሚያው ጠፋ። ጎንበስ ብዬ ፈለግኩት፤ አላገኘሁትም። ይህን ሁሉ ስታደርግ ታወራናለች፣ መሃል ላይ ትንሹን ልጇን ትቆጣለች፣ ዓይኗ እንኳ ሁልጊዜ ዕቃው ላይ አልነበረም። ሲደርቅ በለስላሳ ጠጠር ይታሻል፤ ያ አብረቅራቂ ገጽ ከዚያ የመጣ ነው።

የሚቃጠልበት ቀን ከደረሳችሁ ደግሞ ዕድል ነው። ዕቃዎቹ ተደራርበው ይከመራሉ፤ ጭራሮ፣ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይለብሱና እሳት ይለቀቅባቸዋል። ጭሱ ዓይን ያወጣል። እናንተ ለአንድ ሰዓት ነው፤ እነሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነው የሚጠጡት። ጥቁሩ ጀበና ቀለም የተቀባ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ገና እንደጋለ ከእሳቱ አውጥተው ቅጠል ወይም ሰጋቱራ ውስጥ ሲያፍኑት ነው ጭሱን ጠጥቶ የሚጠቁረው።

አሁን ስለ ግዢው። «አስተያየት አድርጊልኝ» አትበሉ፤ እባካችሁ። አፈሩን ገዝታ ወይ ተሸክማ ያመጣች፣ ማገዶውን የገዛች እሷ ናት። እሳት ውስጥ ለተሰነጠቀው የሚከፍላት የለም። ያው ጀበና መርካቶ ወይም ሾላ ሲደርስ ነጋዴው ትርፉን ጨምሮበት እንገዛዋለን። ነጋዴ ጋ የማይሾል ምላስ እሷ ጋ ሲደርስ ለምን ይሾላል? የጠራችውን ክፈሉ። ምንም ሳትገዙ «አይተን ነው» ብላችሁ መውጣትም ደስ አይልም፤ የሥራ ሰዓቷን ወስዳችኋል። ትንሽ የዕጣን ማጨሻ እንኳ ግዙ።

ፎቶ ሌላው ነገር ነው። ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። እምቢ ካለች «ምን ችግር አለው» አትበሉ፤ ችግር አለው። ሸክላ መሥራት እኛ አገር ሙያ ተብሎ ሳይሆን መሰደቢያ ሆኖ ነው የኖረው። ቡዳ ተብለዋል፤ ጋብቻ ተከልክለዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሄደ። አሁንም ግን ቀጨኔ ያደጉ ሰዎች «ሰፈርህ የት ነው?» ሲባሉ ሽሮ ሜዳ ብለው ያልፉ እንደነበር ነግረውኛል። ፊቷ የት ተለጥፎ ማን ምን እንደሚልበት የምታውቀው እሷ ናት። እጇን ብቻ ላንሳ በሉ፤ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። ለእኔ እንደውም ከፊት ይልቅ እጅ ይበልጥብኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከእህትሽ አገር ብንወስድ ደስ ይለኛል። እዚያ ሠሪው ስሙን ወይም ምልክቱን ከዕቃው ሥር ያሳርፋል። እኛ ቤት ስንት ጀበና አለ፣ የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። «የቀጨኔ ነው» ብለን እናልፋለን። እኔ ያን ቀን ሴትየዋን «ምልክት አድርጊልኝ» አልኳት። ሳቀች። «ጀበና ላይ ማን ይጽፋል?» አለች። ትንሽ አሰበችና ያን እርጥቡን ጀበና ዘወር አድርጋ ከሥሩ አውራ ጣቷን ጫን አደረገች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተቃጥሎ ሲደርስ ሄጄ ወሰድኩት። በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ በታክሲ ስወርድ ወያላው «ለሕፃኑም ሂሳብ አለ» ብሎ ሲቀልድብኝ መጣ። ዛሬም ቡና ተቀድቶ ሲያልቅ ጀበናውን ገልበጥ አድርጌ ያቺን የጣት አሻራ አያታለሁ። እናንተም ጊዜ ካላችሁ እንዲህ አድርጉ፤ አንድ ቀን ሂዱና እዘዙ፣ ስሟን ጠይቁ፣ ሌላ ቀን ተመልሳችሁ ውሰዱ። በአንድ ቀን አምስት ቤት ከመዞር ይሄ ይሻላል።

ከከተማ መውጣት ካማራችሁ ጎንደር አጠገብ ወለቃ አለ። የቤተ እስራኤል ሰፈር ነበር፤ ሴቶቹ በሸክላቸው የታወቁ ነበሩ። አብዛኛው ሰው እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ሄዷል፤ ሸክላው ግን እስከዛሬ እዚያ ይሸጣል። እሱ የሌላ ጉዞ ነው፣ ከአዲስ አበባው ዙር ጋር አትቀላቅሉት።

ጥያቄ፦ የስድስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አሉኝ። ጭቃ እንዲነኩ ቀጨኔ ልወስዳቸው አስቤ ነበር። ይሆናል? (አንድ አባት፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ የዘጠኙ ይሂድ። የስድስቱን እጁን ይዘህ ከሆነ ብቻ፤ እርጥብ ጀበና አንዴ በክርን ከተነካ አለቀለት። ቀድመህ በስልክ ወይም በሰው ጠይቅና «ትንሽ ጭቃ ሰጥታችሁ ልጆቹን አንድ ሰዓት አስተምሩልኝ» ብለህ ተዋዋል፤ ክፈልም። አሮጌ ልብስ አልብሳቸው። የሠሩትን ግን እቤት ወስደህ ምድጃ ላይ ለማቃጠል አትሞክር። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ወጥ ቤቱን ለመጥረግ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ጥያቄ፦ በአንድ ዓመት ሁለት ጀበና ተሰነጠቀብኝ። ሁለቱንም የተጠቀምኩት በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ሸክላው ነው ወይስ እኔ? (ላጤ፣ ከፒያሳ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወርኩ)

መልስ፦ ሳላየው አልፈርድም፤ ግን አንተን እጠረጥራለሁ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሙቀቱን ሁሉ ከሥሩ አንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል፤ የጀበናው ቂጥ ሲግል አንገቱ ገና ቀዝቃዛ ነው። ዝቅ አድርገህ ጀምር፣ ቀስ እያልክ ጨምር። ባዶውን አትጣደው። ቡናው አልቆ ለሁለተኛው ውኃ ስትጨምር ደግሞ ለብ ያለ ይሁን፤ የጋለ ሸክላ ላይ የቧንቧ ውኃ ከደፋህ ሦስተኛውንም ትገዛለህ። ከእሳት ስታወርደው ማቶቱ ላይ አስቀምጠው እንጂ ቀዝቃዛ ሴራሚክ ወለል ላይ አታሳርፈው።

ስትገዛ በጣትህ ቆርቆር አድርገህ ስማው። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የተሰነጠቀው ዱብ ይላል። እቤት ስትገባ ወዲያው ቡና አታፍላበት፤ መሟሸት አለበት። ውኃ ሞልተህ አሳድረው። ጠዋት የቡና አተላ በውኃ አድርገህ በቀስታ አፍላና ድፋው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው። የመጀመሪያው ቡና አፈር አፈር ቢል አትደንግጥ። ብቻ ያን ቡና ለእንግዳ አታቅርበው።