«የማያወላውል» ወይስ «የማይወላውል»?

ጥያቄ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤና ሪፖርት የማዘጋጅ ሠራተኛ ነኝ። በቅርቡ «ድርጅቱ በዚህ ጉዳይ ላይ የማያወላውል አቋም አለው» ብዬ ብጽፍ፣ አለቃዬ ቃሉን ሰርዘው «የማይወላውል» አደረጉት። «አ» የተጨመረበት ግሥ ድርጊቱን በሌላ ላይ ማድረስን ስለሚያመለክት፣ እኔ የጻፍሁት «ሌላውን እንዲወላውል የማያደርግ» የሚል ትርጉም ይሰጣል ባይ ናቸው። በዚያው ሪፖርት «የዶላር ምንዛሪ በመወላወሉ» ያልሁትንም «በመዋዠቁ» ብለው አርመውታል። ትክክሉ የቱ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በመጀመሪያው ቃል መሰረዝ አልነበረብዎትም፤ በሁለተኛው ግን አለቃዎ ቢያንስ ከእርስዎ ይልቅ ወደ ትክክሉ ቀርበዋል።

አለቃዎ የጠቀሱት ደንብ በራሱ ሐሰት አይደለም። «ገባ» ብለን «አገባ»፣ «ወጣ» ብለን «አወጣ» ስንል «አ» በእርግጥ አድራጊነትን ያመለክታል። ይሁን እንጂ አማርኛ በ«አ» እየጀመሩ በባለቤቱ ላይ ብቻ የሚቀሩ ብዙ ግሦች አሉት፤ «አለቀሰ»፣ «አነጠሰ»፣ «አዛጋ»፣ «አመነታ» የምንለው ሰው በሌላ ላይ ያደረሰው ነገር የለም። እንዲያውም ደንቡን ያለ ልክ ከዘረጋነው፣ «ነከሰ» የሚል ግሥ ስላለን ብቻ «አነከሰ» የተባለው እግረ ሕመምተኛ ሌላውን አስነክሷል ልንል ነው። «አወላወለ»ም የሚመደበው ከእነዚህ ጋር ነው፤ «ጓደኛዬን አወላወልሁት» ሲል የተሰማ ተናጋሪ እኔ አላጋጠመኝም። ስለዚህ «ወላወለ፣ ይወላውላል፣ መወላወል» እና «አወላወለ፣ ያወላውላል፣ ማወላወል» ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ ፍቺያቸውም አንድ የሆነ ቅርጾች ናቸው።

የአለቃዎ ቅርጽም ቢሆን ምስክር አያጣም። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 1 ቁጥር 8፣ ሁለት አሳብ ያለው ሰው በመንገዱ ሁሉ «የሚወላውል» ተብሏል። በአንጻሩ ዛሬ «ያለማወላወል ወሰነ» የሚለው አነጋገር እጅግ ከመልመዱ የተነሣ «ያለመወላወል» ሲባል ለጆሮዬ ጎርበጥ ይለዋል። ይህ የእኔ ምርጫ እንጂ የሰዋስው ፍርድ አይደለም።

ስሙን ሲጽፉ ግን ይጠንቀቁ። «ከፈለ» ብለን «ከፋይ» እንደምንለው ሁሉ፣ እዚህም «ል» ወደ «ይ» ተለውጦ «ወላዋይ» ወይም «አወላዋይ» ይሆናል። አንዲት «ላ» ወደ «ል» ከወረደች «ወልዋይ» ይሆንና አቋም የሌለውን ሰው ወለል ወይም መስተዋት የሚያጸዳ ያደርገዋል፤ «ወለወለ» እና «መወልወያ» ከዚህ ጋር መምታታት የለባቸውም። «ወላዋይ» በተለይ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በፖለቲካ ጽሑፎች ውስጥ ከነቀፋ ቃላት አንዱ ሆኖ ኖሯል። በዚያው ዘመን አብሮት ይነገር የነበረው «መሀል ሰፋሪ» ቀድሞ በቤተ መንግሥት ዙሪያ የሚሰፍረው ጦር መጠሪያ እንደነበር፣ ያም ጦር በ1910 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ከሥልጣን እንዲወርዱ አጥብቆ እስከመጠየቅ የደረሰ እንደነበር ስናስታውስ፣ ስሙ ለአቋም የለሽ ሰው መሰጠቱ ያስገርማል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ መወላወል ልብና ፈቃድ ያለው ባለቤት ይፈልጋል። ሰው ይወላውላል፤ ሰዎች ያቆሙት ድርጅትም ሊወላውል ይችላል፤ ምንዛሪ ግን የሚወስነው ነገር ስለሌለ አይወላውልም። ለእንዲህ ያለው «ዋዠቀ፣ ይዋዥቃል፣ መዋዠቅ» የተሻለ ነው። አምፖሉ አንዴ ፈዘዝ አንዴ ቦግ ሲል «ኃይሉ ይዋዥቃል» የምንለውም ለዚህ ነው። «ተወዛወዘ» ደግሞ በዓይን የሚታይ፣ አንድ ወገኑ የተያዘ ነገር ወዲያና ወዲህ ሲል የምንጠቀምበት ነው፤ ቅርንጫፍ፣ ደወል፣ ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ይወዛወዛሉ።

ሆኖም አለቃዎ አንድ ነገር የሳቱ ይመስለኛል። መዋዠቅ መውጣትንም መውረድንም ይጠይቃል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሄደ ነገር አልዋዠቀም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ደረሰ። ይህን «መዋዠቅ» ማለት ነገሩን ማለስለስ ነው፤ ትክክለኛው ቃል «ናረ» ወይም «አሻቀበ» ነው። ዜና አቅራቢዎቻችን ዘወትር የሚስቱትም ይህንኑ ነው፤ ዋጋ ሳያቋርጥ በጨመረ ቁጥር «የገበያ መዋዠቅ» እያሉ ይነግሩናል።

እንግዲህ ሪፖርትዎ ገና ካልወጣ፣ «የማያወላውል» የሚለውን ይመልሱት፤ አለቃዎ ቅር ከተሰኙም የእርሳቸው ይቆይ፣ ስሕተት የለበትም። ሁለተኛውን ቃል ከመወሰንዎ በፊት ግን ሪፖርቱ የሚሸፍናቸውን ወራት ተመን አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ወጣ ገባ ካለ «በመዋዠቁ»፣ ሽቅብ ብቻ ከሄደ «በመናሩ» ብለው ይጻፉ።