ዛሬ በየትኛው መንገድ ተነሣ?

ልጆቼ፣

ጅማ ሂርማታ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆነኝ። ካበላሸኋቸው ሥራዎች እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ የአንድ ቡና ነጋዴ ኮምፒውተር ነው። «ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንልኝ ልጄ፤ ዲ ላይ ያለውን መዝገቤን ግን እንዳትነካብኝ» ብለው ሰጡኝ። ማሽኑ አዲስ ስለነበር በዩኢኤፍአይ፣ ማለትም በአዲሱ የማስነሻ መንገድ፣ እንደሚነሣ አልተጠራጠርኩም። ፍላሼን ሰካሁ። መጫኛው «ዲስኩ ኤምቢአር ስለሆነ እዚህ ላይ አልጫንም» አለኝ። ኤምቢአር አሮጌው የዲስክ አከፋፈል ነው፤ በዩኢኤፍአይ የተነሣ የዊንዶውስ መጫኛ የሚፈልገው ጂፒቲ የሚባለውን አዲሱን ነው። ዝናቡ መጥቷል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሰውየው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ። የዲስኩን ክፍሎች በሙሉ ሰርዤ ጫንኩ። ዲም ከዲስኩ ክፍሎች አንዱ ስለነበር አብሮ ሄደ።

ማሽኑ የሚችለውንና በእርግጥ የተነሣበትን መንገድ አንድ አድርጌ ነበር። ባዮስ፣ አሮጌው የማስነሻ መንገድ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ከአይቢኤም ፒሲ ጋር የመጣ ነው፤ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ ሥራውን ለዚያ ያስረክባል። ዩኢኤፍአይ ደግሞ ለማስነሻ በተለየች ትንሽ ክፍል ውስጥ ፋይል ይፈልጋል። ብዙ ማሽኖች ሁለቱንም ያውቃሉ፤ የዚያ ነጋዴ ማሽንም ያውቅ ነበር፣ ከእኔ በፊት የነካው ሰው ግን በአሮጌው መንገድ ጭኖታል። በማስነሻው ዝርዝር ላይ አንዱ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ቢታያችሁ፣ አንደኛው ዩኢኤፍአይ የሚል ቅጥያ ይዞ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ያን ቀን እንደገና አስነሥቼ ቅጥያ የሌለውን ብመርጥ ኖሮ ዲን ሳልነካ እጨርስ ነበር።

ስለዚህ ማሽኑ ገና እየሠራ ሳለ ጠይቁት። ዊንዶውስ ከሆነ የሲስተም ኢንፎርሜሽንን ገጽ ክፈቱና «ባዮስ ሞድ» የሚለውን መስመር እዩ፤ ወይ ሌጋሲ (አሮጌው መንገድ) ወይ ዩኢኤፍአይ ይላችኋል። እንደ ዊንዶውስ ሌላ ሥርዓት የሆነው ሊኑክስ ከሆነ ሲስ በሚባለው ማውጫ ሥር ፈርምዌር ውስጥ ኢኤፍአይ የሚባል ማውጫ ካለ በዩኢኤፍአይ ተነሥቷል። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ሊኑክሱን ያስነሣችሁት ከፍላሽ ከሆነ መልሱ ስለ ፍላሹ አነሣስ ነው፣ ዲስኩ ላይ ስላለው ሥርዓት አይደለም።

ማሽኑ ጭራሽ አልነሣም ካለ ዲስኩን እዩ። ዲስክፓርት በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ የዲስኮች ዝርዝር ውስጥ ጂፒቲ በሚለው ዓምድ ሥር ኮከብ ካለ ዲስኩ ጂፒቲ ነው፤ ዊንዶውስ ከዚያ የሚነሣው በዩኢኤፍአይ ብቻ ነው። ሊኑክስ ግን ከጂፒቲ ዲስክ በአሮጌውም መንገድ ሊነሣ ስለሚችል ዲስኩን እንደ ምስክር እንጂ እንደ ዳኛ አትቁጠሩት።

አሁን ወደ ሱቄ የሚገባ ማሽን ሁሉ ጎኑ ላይ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ አነሣሱና የዲስኩ ዓይነት ይጻፍበታል። ተማሪዎቼ ይስቁብኛል።

ነጋዴው አልተቆጡኝም፣ ይህ ነው የባሰብኝ። በማስመለሻ ፕሮግራም ጥቂት ፋይሎች አወጣን፤ ዋናው መዝገብ ግን ተበላሽቶ ነበር። በማግስቱ ደረሰኞቻቸውን በቡና ጆንያ ይዘው መጡ፤ ማታ ማታ እሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍኩ ሁለት ወር ፈጀብን።