ሳይጋህን ከመፍታትህ በፊት ቁጠር

«ጋሼ፣ ዳላስ ነው የምኖረው። ያገለገለ የሩሲያ ሳይጋ ጠመንጃ ገዛሁ፤ ጥይቱ የክላሽ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ መልኩ የአደን ጠመንጃ። ሰደፉን ቀይሬ፣ ፒስቶል ግሪፕ (እንደ ሽጉጥ የሚያዝ እጀታ) ገጥሜ፣ ባለ 30 ካዝና ላጎርሰው አስቤያለሁ። ግማሹ ጓደኛዬ የራስህ ንብረት ነው ይለኛል፤ ግማሹ ትታሰራለህ ይለኛል። ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት ሜሪላንድ ወንድሜ ጋ እዛወራለሁ። ምን ትመክረኛለህ?»

ሁለቱንም አትስማቸው። ቴክሳስ ውስጥ ይቻላል፤ ግን ቆጥረህ ነው።

ሳይጋ ሆዱ ክላሽ ነው። መልኩ ለምን እንደተቀየረ ልንገርህ። አሜሪካ በ1989 ወታደራዊ መልክ ያላቸው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለች። ለስፖርት የሚሆን ብቻ ይግባ ተባለ። በ1998 ደግሞ ብዙ ጥይት የሚይዝ የጦር ካዝና የሚቀበሉትም ታገዱ። ስለዚህ ፋብሪካው ፒስቶል ግሪፑን አስቀርቶ፣ ቃታውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ አጭር ካዝና ገጥሞ ላከው። አንተ ያሰብከው ይህን መመለስ ነው። በ1990 የወጣው ሕግ የሚይዝህም እዚህ ላይ ነው፤ እኛ ጠመንጃ ሠሪዎቹ 922 አር እንለዋለን። እንዳይገባ የተከለከለውን ዓይነት ጠመንጃ ከውጭ በመጣ ዕቃ እዚህ አትገጣጥም ነው የሚለው።

የዚህ ሕግ መመሪያ 20 ዕቃዎች ይዘረዝራል። ከእነሱ ውስጥ ጠመንጃህ ላይ ያለው የውጭ ዕቃ ከ10 መብለጥ የለበትም። አሥር ይፈቀዳል፣ አሥራ አንድ አይፈቀድም። ያንተ ሳይጋ ላይ 14 አሉ፦ ሪሲቨሩ (የጠመንጃው ዋና አካል)፣ በርሜሉ፣ በርሜሉ የተሰካበት ትራኒየን፣ ቦልቱ (ጥይቱን በርሜሉ ውስጥ ዘግቶ የሚይዘው)፣ የቦልቱ ተሸካሚ፣ የጋዝ ፒስተኑ፣ ቃታው፣ መዶሻው፣ ዲስኮኔክተሩ (ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ እንዲተኮስ የሚያደርገው)፣ ሰደፉ፣ የበርሜሉ እጀታ፣ ከካዝናው ደግሞ ቀፎው፣ ጥይት ገፊውና ክዳኑ። ካዝና በእጅህ አንድ ዕቃ ነው፣ በሕጉ ግን ሦስት። ሞላ፣ ስፒልና ማነጣጠሪያ አይቆጠሩም።

እንግዲህ አራት መቀነስ አለብህ። አሜሪካ የተሠራ የቃታ ስብስብ ስትገጥም ሦስቱ በአንዴ ይወርዳሉ፤ ቃታ፣ መዶሻና ዲስኮኔክተር። አሜሪካ የተሠራ ሰደፍ አራተኛው ነው። አሁን 10 ላይ ነህ። ፒስቶል ግሪፑ አዲስ የሚጨመር ስለሆነ እሱም የግድ የአሜሪካ ይሁን፤ የቡልጋሪያ ከገጠምክ 11 ሆነህ ቁጭ አልክ። አፈሙዙ ላይ የምታስረው ነገርም እንዲሁ ነው። እኔ ብሆን የበርሜሉን እጀታም እቀይር ነበር። ርካሽ ነው፣ አንድ ቁጥር ትርፍ ይሰጥሃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካዝናው ላይ ነው። አንድ ደንበኛዬ የአሜሪካ ካዝና ገዝቶ ሦስት ቀነስኩ ብሎ ሰደፉን ብቻ ለውጦ ቃታውን ሳይነካ ተወው። ተኩስ ሜዳ ሲሄድ ጓደኛው የሮማኒያ ካዝና አቀበለው። ሲሰካው ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ። ካዝና ተለዋዋጭ ነው፤ ሁልጊዜ የውጭ ነው ብለህ ቁጠረው።

ደግሞ ባለ 30 ካዝናው ስለገባ ብቻ ይጎርሳል ማለት አይደለም። ሳይጋ ከመደበኛ ክላሽ በተለየ ጥይቱን ወደ በርሜሉ የምትመራ ትንሽ ብረት የለችውም። ያለ እሷ ጥይቱ አፍንጫው ተደፍቶ ይቆማል። እሷን መግጠም ትራኒየኑ ላይ መብሳት ስለሚጠይቅ ፈቃድ ላለው ጠመንጃ ሠሪ ስጠው። ቤትህ በመሰርሰሪያ አትሞክረው። ከወታደራዊ ክላሽ የተፈታ የቃታ ዕቃ በርካሽ ብታገኝም አትንካው። አገር ቤት ክላሽ ሲባል የምናውቀው አውቶማቲኩን ነው፤ እዚህ እሱ መትረየስ ተብሎ በሌላ ከባድ ሕግ ይዳኛል።

ደረሰኞችህን በሙሉ አስቀምጥ። የትኛው ዕቃ የት እንደተሠራ የምታሳየው በእሱ ነው። 922 አርን አውቆ የጣሰ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። የወረቀትህን ነገር አልነገርከኝም። ግሪን ካርድ ካለህ መሣሪያ መያዝ ትችላለህ፤ ግን በመሣሪያ ወንጀል መፈረድ ለመባረር ይበቃል። በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ የተለየ ሁኔታ ከሌለው፣ መጀመሪያውኑ መያዝ አይፈቀድለትም።

ሜሪላንድ ሌላ ጣጣ ነው። እስካሁን የቆጠርነው የፌዴራሉን ነው፤ ግዛቷ የራሷ ሕግ አላት። ከኦክቶበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ የክላሽ ዓይነቶችን በስም ጠርታ ወደ ግዛቷ እንዳይገቡ ከልክላለች። አሥሩን በትክክል ብትቆጥርም አያድንህም። ዝውውሩ ቁርጥ ከሆነ ለሰደፍና ለግሪፕ ገንዘብ አታውጣ፤ ጠመንጃውን እዚያው ቴክሳስ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ሽጠው።