በርገሩ ለምን ከመጥበሻው ጋር ይጣበቃል?

ጥያቄ፦ በቤቴ ከባድ የካስት አይረን መጥበሻ ላይ በርገር ስጠብስ ሥጋው ይጣበቅብኛል፤ ላዩም ቡናማ ከመሆን ይልቅ እንደ ተቀቀለ ሥጋ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። መሐሉ ቀላ ቢልስ ያስጨንቃል? (አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጥበሻው በበቂ ሁኔታ ሳይግል ሥጋውን የሚጥሉበት ይመስለኛል። ይህ ብረት ሙቀትን ቀስ ብሎ የሚቀበል፣ ከተቀበለ በኋላ ግን ይዞ የሚቆይ በመሆኑ፣ ባዶውን በመካከለኛ እሳት ላይ 5 ደቂቃ ያህል መቆየት ይገባዋል፤ አለዚያ ከሥጋው የሚወጣው ውሃ ቶሎ ስለማይተን ሥጋው መጠበሱ ቀርቶ በራሱ ውሃ ይቀቀላል። መጥበሻውን ማጨናነቅም ይህንኑ ያስከትላል፤ ጥብስ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

20 በመቶ ገደማ ስብ ያለው የተፈጨ የበሬ ሥጋ ከመረጡ ተጨማሪ ዘይት እምብዛም አያስፈልግዎትም። ጨውን ከሥጋው ጋር አያሹት፤ ፕሮቲኑን ስለሚያሟሟ በርገሩን እንደ ቋሊማ ያጠነክረዋል። ሊጠብሱ ሲሉ ከላይ ብቻ ነስንሰው ለ3 ደቂቃ ያህል ሳይነካኩ ይተዉት፤ ከሥሩ ቅርፊት ሲይዝ በቀላሉ ይላቀቃል።

መሐሉን በተመለከተ፣ ክትፎ የለመደ ምላስ ቢቃወመኝም፣ ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ስለሚደባለቅ በርገር 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ቀለሙ አያስተማምንም፤ ቴርሞሜትር በጎኑ በኩል ይሰኩበት። መጥበሻውን ካጠቡ በኋላ ወዲያው አድርቀው ስስ ዘይት ይቀቡት።