ከግሱ ኋላ ማን ይግባ? የእንግሊዝኛ መስተዋድድ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ቱ እና ፎር ብዙ ጠይቃችሁኛል። እስቲ ተራ በተራ እንያቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ዲስከስ አባውት» ስል አለቃዬ ያርመኛል። እኛ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» እንል የለም እንዴ?

መልስ፦ እንላለን፤ ጣጣውም ከዚያ ነው የመጣው። «ስለ»ን ከአማርኛ ይዘሃት ገባህ። ዲስከስ መስተዋድድ አይፈልግም፤ «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕላን» በቃ። አባውትን ለ«ቶክ» ተውለት። ስሙ ግን፣ ማለትም «ዲስከሽን»፣ አባውትን ይቀበላል።

ጥያቄ፦ «ሺ ሜሪድ ዊዝ ሂም» ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። «ሺ ሜሪድ ሂም» ወይም «ጋት ሜሪድ ቱ ሂም» በይ። «ሜሪድ ዊዝ ቱ ኪድስ» የሚል ካየሽ ደግሞ አትደንግጪ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት ማለት ነው፣ ልጆቹን አላገባችም።

ጥያቄ፦ «ጠብቀኝ» ለማለት «ዌይት ሚ» እላለሁ። ጓደኞቼ ይስቃሉ።

መልስ፦ ዌይት ፎር ሚ። «አዳምጠኝ» ሊስን ቱ ሚ፣ «አስረዳኝ» ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ ነው። «ዌይት ኦን» ሌላ ነው፤ አስተናጋጅ ደንበኛን ሲያስተናግድ ነው የሚባለው።

ጥያቄ፦ «ስሮው ቱ» እና «ስሮው አት» ምን ለያቸው?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ወደድኳት፤ እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያግዘናል። «ኳሷን ወረወረልኝ» ቱ ነው፤ እንድቀልባት ነዋ። «ድንጋይ ወረወረብኝ» ግን አት ነው፤ ሊፈነክተኝ ነው። ግሱ ሆድ ውስጥ ያሉትን «ል» እና «ብ» አየሃቸው? ሻውትም እንዲሁ ነው። ተቆጥቶ ከጮኸብህ አት፣ እንድትሰማው ከሩቅ ከተጣራ ቱ። «ሳቀብኝ» ደግሞ ላፍ አት። ብቻ ሁልጊዜ እንዳትተማመንባት። «ደውልልኝ»ም «ል» አለችው፤ እንግሊዝኛው ግን ባዶውን «ኮል ሚ» ነው።

ጥያቄ፦ «አራይቭድ ቱ አዳማ» ይባላል?

መልስ፦ አይባልም። ለከተማና ለአገር ኢን፣ ለጣቢያና ለኤርፖርት አት ነው። «አራይቭድ ሆም» ሲሆን ምንም አይገባም። «ሪችድ አዳማ»ም ያለ መስተዋድድ ነው።

ጥያቄ፦ አግሪ ዊዝ፣ ቱ ወይስ ኦን?

መልስ፦ ሦስቱም አሉ። በሐሳቡ የምትስማማው ሰው ካለ ዊዝ። የቀረበልህን ጥያቄ ከተቀበልክ ቱ። ከደላላው ጋር ተከራክራችሁ የቤቱን ኪራይ ከቆረጣችሁ ደግሞ «ዊ አግሪድ ኦን ዘ ሬንት»።